ጓያ በርካሽነቱ ብቻ አይመረጥ

በክረምት እህል ሲወደድ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጓያ ይዞራል። አንነቅፍም፤ ድርቅ የሚችል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ገንቢ ምግብ ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል። ሽባነቱም አይድንም።

የልማት ሠራተኞች በየመንደሩ ሠርተው እንዲያሳዩ የምንሻው የሚከተለውን ነው። ጓያው በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ውኃው ይደፋ። ከደረቀ በኋላ ታምሶና ተከክቶ፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ለሽሮ ይፈጭ። ጓያው ባነሰ መጠን ይበጃል። ከእንጀራ ጋር መበላቱም ይረዳል። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ግን፣ ልጆች ቢወዱትም፣ ማስቀረት ነው፤ መቁላት ብቻውን መርዙን አያጠፋም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ባቄላውን በአዝመራ ጊዜ፣ ሳይወደድ፣ ገዝተው ለአባሎቻቸው ለክረምት ቢያኖሩ ጓያ ብቻውን ገበታ ላይ አይቀርብም።