ፓፉ ሳንባ ይድረስ፣ አክታው ይውጣ

ትንፋሽ እያጠረዎት፣ ደረትዎ ሲር ሲር እያለና አክታ እያስቸገረዎት ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይታዘዝልዎታል። አንዱ በአፍ የሚሳብ ሰማያዊ መድኃኒት፣ ሁላችንም «ፓፍ» የምንለው ነው። ሌላው ለአክታ የሚሰጥ ሽሮፕ ነው። የፋርማሲው ባለሙያ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ አጠቃቀሙን ጫር ጫር አድርጎ ያቀብልዎታል። ከኋላዎ ሰልፍ ስላለ ብዙም አያወራም። እዚህ የምጽፈው ጊዜ ቢኖረው ኖሮ ይነግርዎት የነበረውን ነው። የሚያነቡት ነቀምት ጨለለቂ ሆነውም ሆነ ጊምቢ፣ መድኃኒቱ ያው ነው።

ፓፉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሳልቡታሞል ይባላል። በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው በንግድ ስሙ ቬንቶሊን ይለዋል። የአየር ቧንቧዎቻችን ዙሪያቸውን በጡንቻ የተጠቀለሉ ናቸው። አስም ሲነሳ ጡንቻው ይኮማተርና መተላለፊያው ይጠባል። ሳልቡታሞል ያንን ጡንቻ ያላላዋል። በ5 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምራል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። በሽታውን ግን አያድንም። ቧንቧው ውስጥ ያለው እብጠት እንዳለ ነው፣ አክታውም እንደዚያው።

ታዲያ አክታውን ማን ያወጣዋል? ይህ የሽሮፑ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል ናቸው። ሁለቱም የወፈረውን አክታ ያቀጥኑታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፣ በማሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሳሉ ባሰብኝ» ብለው ሳል የሚያቆም ሌላ ሽሮፕ አይደርቡ። አንዱ አክታውን ሲያቀጥን ሌላው መውጫውን ይዘጋበታል። ውኃ በደንብ ይጠጡ።

በነገራችን ላይ፣ ብሮምሄክሲን የተገኘው ቫሲሲን ከሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ተነስቶ ነው። ቫሲሲን የሚገኝበት የሕንድ ቁጥቋጦ ደግሞ በየጓሯችን ለአጥር የምንተክለው የሰንሰል (በኦሮምኛ ዱሙጋ) የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድ ሆነ ማለት ግን ቅጠሉን ቀቅለው ይጠጡ ማለት አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ተለክቶ የተቀመጠ ነው፤ አጥሩ ላይ ያለውን የለካው የለም።

ሽሮፑን በምን ይለኩ? ከካርቶኑ ጋር በሚመጣው መለኪያ። ከሌለ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲው ይጠይቁ። የሾርባ ማንኪያ ከሻይ ማንኪያ ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ የስኳር ማንኪያ ደግሞ እንደየቤቱ ነው። የጨጓራ ቁስለት ካለብዎት አስቀድመው ይናገሩ። ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ከወጣ ሽሮፑን አቁመው ያን ዕለት ሐኪም ያግኙ። ይህ እምብዛም የማይገጥም ነው፤ ሲገጥም ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይስጡ።

አሁን ወደ ፓፉ አጠቃቀም እንመለስ። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው አፉን ከፍቶ ጭስ ጭስ ያደርግና ይዘጋል። መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ሳንባ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ሰውየው «አልሠራልኝም» ይልና ይደግማል፤ ቆርቆሮው ቶሎ ያልቃል።

ክዳኑን ይክፈቱና በደንብ ይነቅንቁ። አዲስ ከሆነ ወይም ለ5 ቀን ካልተጠቀሙበት መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ይርጩ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ትንፋሽዎን እስከ መጨረሻ ያውጡ። የፓፉን አፍ በጥርስዎ መካከል አድርገው ከንፈርዎን ግጥም ያድርጉ። ቀስ ብለው በአፍዎ መሳብ ሲጀምሩ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ መሳቡን ግን አያቋርጡ። ሳንባዎ ሲሞላ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘልዎት ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይነቅንቁና ይድገሙ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መጫን ዋጋ የለውም።

መጫንና መሳቡ አልገጥም ካለዎትስ? ለልጅና ለአዛውንት በተለይ ይከብዳል። መፍትሔው ስፔሰር ነው፤ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ማጠራቀሚያ ማለት ነው። መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ ይረጫል፣ በሽተኛው ረጋ ብሎ ይስበዋል። የሚሸጠው ስፔሰር ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ለብዙ ቤተሰብ ይወደዳል። የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ይተካዋል። ይህን ለማጽናናት አላልኩም፤ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች አስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ ሞክረው በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመውታል። በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ከሚሸጠው ስፔሰር አላነሰም።

ሲሠሩት ጠርሙሱን በፈሳሽ ሳሙና አጥበው ሳይወለውሉ ነፋስ ላይ ያድርቁት። በጨርቅ ከወለወሉት ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ አጥፈው በእሳት ያግሉትና የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ቀዳዳ ያውጡ። ፓፉ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፤ ክፍተት ከቀረ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። የፕላስቲክ ስብርባሪ ውስጡ እንዳይቀር ይመልከቱ። ከዚያ የጠርሙሱን አፍ ከንፈር ውስጥ አድርጎ አንድ ፓፍ መርጨት፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ማስከተል ነው። ጠርሙሱን ከንፈሩ መግጠም ለማይችል ትንሽ ልጅ የፊት ጭንብል ስለሚያስፈልግ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ስንት ጊዜ ያገለግለኛል? አብዛኛው ፓፍ 200 ጊዜ ይረጫል፤ ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል። በቀን 4 የሚጠቀም ሰው 50 ቀን ይቆይለታል። የጀመሩበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ነቅንቆ በማዳመጥ ወይም ውኃ ላይ በማንሳፈፍ ማወቅ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ይወጣልና። ባዶውን ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አይጣሉ፣ ይፈነዳል።

በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ሰማያዊው ካስፈለገዎት ወይም በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ከጨረሱ፣ የሚቀጥለውን ከመግዛትዎ በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩ። የጎደለዎት እብጠቱን የሚያስታግሰው ሌላው ፓፍ ሊሆን ይችላል። ቤክሎሜታዞን በዚህ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው። እሱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፣ ሕመም ባይኖርም። ሥራው በቀናትና በሳምንታት ስለሚታይ ብዙዎች «ምንም አላደረገልኝም» ብለው ይተዉታል። ከወሰዱ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ፓፍ መግዛት የሚወደድ ይመስላል። ለድንገተኛ ክፍል፣ ለመኪናና ከሥራ ለመቅረት የሚወጣውን ሲደምሩት ግን ርካሹ እሱ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ። ዘለው ሆስፒታል ከሄዱ ከወጪው የተወሰነው እርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከምን ጋር አይስማማም? ሳልቡታሞል እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። አብልጦ የሚያሳስበኝ ቴኦፊሊን የሚባለው ክኒን ነው። የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ለታይፎይድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተደረበበት ቴኦፊሊኑ ደም ውስጥ ይከማችና ማስታወክ፣ ከባድ የልብ ምት፣ አልፎም መንቀጥቀጥ ያመጣል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም የቴኦፊሊን ቤተሰብ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ከጨረሱ በኋላ ልብዎ ቢመታ አይግረምዎት።

ሌላው ፕሮፕራኖሎል ነው። ለደም ግፊት፣ ለልብ ምት፣ አንዳንዴም ለእንቅርት ይሰጣል፤ ወለጋ ደግሞ እንቅርት ከጥንት የበዛበት አገር ነው። ሳልቡታሞል የሚከፍተውን ቧንቧ ይዘጋል፣ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ሰብስበው ለሐኪሙ ያሳዩ። እርጉዝ ነኝ፣ ፓፉን ላቁም? አያቁሙ። ለጽንሱ የባሰው የእናቱ ትንፋሽ ማጠር ነው።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ክብደት ከቀነሱ ወይም አክታው ደም ካለው ጤና ጣቢያ ሄደው የቲቢ ምርመራ ያድርጉ፤ በነፃ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ የልጅዎ ጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ፓፉ ካልያዘልዎት ቤት አይቆዩ። ነቀምት ውስጥ ካሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ወይም የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ በዚህ ጊዜ ለአዋቂና ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚያዘው በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ በየ20 ደቂቃው ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይም ይቀጥሉ። በሽተኛውን አያስተኙ፤ ባጃጁ ውስጥ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፣ ልብሱን ያላሉለት፣ ጠርሙሱንና ፓፉን የያዘው ሰው አጠገቡ ይሁን።