የቀድሞውን የምድር ባቡር ቅርሶች መጎብኘት ለሚፈልጉ የጌዴኦ ዞን ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ጌዴኦ ዞን የባቡር ሐዲድ የለውም። ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ሰውም ቡናም የሚጓጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም የባቡር ታሪክ አካባቢውን የማይመለከት ጉዳይ ይመስላል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የጅቡቲ–አዲስ አበባ መሥመር ከናዝሬት፣ ማለትም ከዛሬዋ አዳማ፣ ተገንጥሎ እስከ ዲላ እንዲዘረጋ ታቅዶ ነበር። የታሰበው መሥመር ርዝመት ወደ 310 ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረ ሲሆን ዋነኛ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሲዳሞ በሚባለው ጠቅላይ ግዛት ይመረት የነበረው ቡና ነው። ዕቅዱ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የዲላ ነጋዴም ቡናውን በጭነት መኪና መላኩን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ጎብኚ የቀድሞውን የምድር ባቡር ንብረቶች የሚመለከተው እንደ ሩቅ አገር ነገር አይደለም። ቅርሶቹ በዋናነት የሚገኙት በሁለት ስፍራ ነው፤ በአዲስ አበባ ለገሃር እና በድሬዳዋ።

መሥመሩ እንዲሠራ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ ደረሰ። መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ሐረርን እንዲያገኝ ቢሆንም ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተመሠረተ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሥራው በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ፉክክር በእጅጉ ተጓቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለገሃር የሚለው ስም ጣቢያ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አሁን የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ከፊት ለፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ የነበረና በኋላ የተመለሰ ነው። በአካባቢው ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት መስጠት የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ያልፋል። በዚህም ምክንያት ጎብኚው የአሮጌውንና የአዲሱን ዘመን ባቡር በአንድ ጊዜ የማየት ዕድል ያገኛል። ሆኖም ለገሃር በመልሶ ማልማት ላይ ያለ ሰፈር ስለሆነ ወደ ግቢው ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሰፋ ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የድሬዳዋው ነው። ከጣቢያው ጋር ተያይዞ የሚገኘው የጥገና ግቢ እንደ መደበኛ ሙዚየም የተደራጀ ሳይሆን አብዛኛው ዕቃ በነበረበት የተቀመጠበት የሥራ ቦታ ነው። ትልቁ ዋጋውም ይኸው ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ መዶሻ ይልቅ በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለ መዶሻ ብዙ ያስተምራል። በግቢው የቀድሞ የባቡር ራሶችና ፉርጎዎች፣ ሕዝቡ ሊቶሪና እያለ ይጠራቸው የነበሩ ተሳፋሪ ማመላለሻዎች፣ እንዲሁም የተሰበረ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ሳይጠበቅ እዚያው ይበጅባቸው የነበሩ የቶርኖና የብረታ ብረት ሥራ መሣሪያዎች ይታያሉ። ለጎብኚው አንድ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል፤ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የቀድሞዎቹ ባቡሮች በአዲሱ መሥመር ሊሄዱ የማይችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከግቢው ሲወጡም ከዚራ የተባለውን ሰፈር በእግር መዞር ይመከራል፤ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎቹና የዛፍ ጥላው ከባቡሩ ጋር የመጡ ናቸው።

ከዲላ የሚነሳ ጎብኚ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔና በሞጆ አድርጎ አዳማ ይደርሳል። በ1950ዎቹ የታሰበውም ባቡር ዲላን ሊያገናኝ የነበረው ከዚችው ከተማ ጋር ነው። ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መጓዝ ይቻላል። የተሳፋሪ ባቡር በየቀኑ የማይነሳበት ጊዜ ስለሚኖር የጉዞውን ቀንና ሰዓት ከዲላ ከመነሳት በፊት ማረጋገጥ፣ መታወቂያ መያዝ እና አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መካከል ራቅ ብለው የተሠሩ መሆናቸውን አውቆ ለትራንስፖርት የሚሆን ጊዜ መተው ያስፈልጋል።

የድሬዳዋውን የጥገና ግቢ ለመጎብኘት ፈቃድ የሚጠየቀው በጣቢያው ከሚገኘው የምድር ባቡር አስተዳደር ነው። በቡድን ለሚሄዱ የትምህርት ቤት ክበባት የጎብኚዎቹን ብዛትና የጉብኝቱን ዓላማ የሚገልጽ ደብዳቤ አስቀድሞ መላክ ሥራውን ያቀልላል። ፎቶግራፍ ማንሳት ለብቻው የሚጠየቅ ፈቃድ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አስጎብኚ ሆነው የሚመደቡት የቀድሞ ሠራተኞች ከሆኑ ጎብኚው ዕድለኛ ነው፤ ስለ ማሽኖቹ አሠራር ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

ሐዲድ ላይ መሄድ፣ መቀመጥ ወይም ልጆችን ማቆም በየትኛውም መሥመር የተከለከለ ነው። በአዲሱ መሥመር ላይ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ኃይል የሚያስተላልፍ በመሆኑ ምሰሶ ላይ መውጣትም ሆነ ረጅም ዘንግ ወደ ላይ ማንሳት ሕይወትን ያሳጣል።

ከአሮጌው መሥመር የተነቀለ ብረት በየጊዜው ለቁርጥራጭ ብረት ገበያ ሲቀርብ ታይቷል። ቡሎን፣ የሐዲድ ቁራጭ ወይም የጣቢያ ሰሌዳ ለማስታወሻ ብሎ መውሰድም የዚሁ ጥፋት አካል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው እንዲንከባከበውና እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ሲሆን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትንም ይከለክላል። ድንጋጌው ለጌዴኦም ትክል ድንጋዮች እኩል ይሠራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዞኑ ውስጥ የቀድሞ የቡና ንግድ ሰነዶች፣ የባቡር ጭነት ደረሰኞች ወይም ስለ ናዝሬት–ዲላው መሥመር የሚያወሱ ደብዳቤዎችና ካርታዎች በቤቱ ያሉት ሰው ዋናውን ሰነድ አሳልፎ ሳይሰጥ በዞኑ የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ቀርቦ ማሳየትና ማስመዝገብ ይችላል።