የመሥሪያ ቤቶች በር የተዘጋባቸውን ሴቶች አሰባስበው ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያ የገነቡት ዴም ስቴፋኒ ሸርሊ

ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ የተባለው የእንግሊዝ የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1962 ሲመሠረት ካፒታሉ ስድስት ፓውንድ ነበር። ጽሕፈት ቤቱም መሥራቿ ወይዘሮ ስቴፋኒ ሸርሊ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት ነው። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1996 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ተመዝግቦ ዋጋው ከፍ ባለበት ወቅት ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ተጠግቷል። ከሠራተኞቹም መካከል 70 ያህሉ ሚሊየነር ለመሆን በቅተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ወይዘሮዋ የተጻፉ ጽሑፎች በአብዛኛው ከስድስት ፓውንድ ተነስቶ ቢሊዮን የደረሰውን ሀብት ያጎላሉ። ለመንግሥት ሠራተኛና ለሥራ ኃላፊ ግን ይበልጥ ሊጠና የሚገባው፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የማይፈልጓቸውን ባለሙያዎች በምን ዓይነት የሥራ አደረጃጀት ውጤታማ እንዳደረጓቸው ነው።

ስቴፋኒ ሸርሊ የተወለዱት በ1933 በጀርመን ሀገር ዶርትሙንድ ከተማ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው ቬራ ቡክታል ይባል ነበር። አባታቸው አይሁዳዊ ዳኛ ነበሩ፤ የናዚ አገዛዝም ከዳኝነት ሥራቸው አሰናብቷቸዋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1939 ክረምት፣ የአምስት ዓመቷ ሕፃን ከዘጠኝ ዓመት እህታቸው ጋር በባቡር ተሳፍረው ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ኪንደርትራንስፖርት በተባለው በዚህ የነፍስ አድን ሥራ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ከናዚ አገዛዝ ማምለጥ ችለዋል። ወላጆቻቸው ከጦርነቱ በሕይወት ቢተርፉም፣ ስቴፋኒ ያደጉት በማያውቋቸው እንግሊዛውያን አሳዳጊዎች ቤት ነው። ነፍሴ መትረፏ ዋጋ ያለው መሆኑን በሥራዬ ማሳየት አለብኝ የሚል ስሜት ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳልተለያቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

የሂሳብ ዝንባሌያቸው ገና በትምህርት ቤት ሳሉ ታይቷል። ይሁንና በሴቶች ትምህርት ቤታቸው የሚፈልጉት የሂሳብ ትምህርት ስላልነበረ በአካባቢው ወደሚገኘው የወንዶች ትምህርት ቤት እየሄዱ ለመማር ተገደዋል።

በ18 ዓመታቸው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በለንደን ዶሊስ ሂል በነበረው የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በወቅቱ የስልክ አገልግሎት በፖስታ ቤቱ ሥር በመሆኑ ጣቢያው የሀገሪቱ ዋነኛ የቴሌኮሙኒኬሽን ምርምር ማዕከል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመንን የምሥጢር መልእክቶች ለመፍታት ያገለገለው ኮሎሰስ የተሰኘ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በኢንጂነር ቶሚ ፍላወርስ መሪነት የተሠራውም በዚሁ ስፍራ ነው። ስቴፋኒ ቀን ቀን እየሠሩ ለስድስት ዓመታት በማታ ትምህርት የሂሳብ ዲግሪያቸውን አጠናቀቁ።

ብቃቱና ትጋቱ ቢኖራቸውም የደረጃ ዕድገት ማግኘት ቀላል አልሆነላቸውም። ለዕድገት ሲያመለክቱ፣ ሴት በኃላፊነት ቦታ መቀመጥ የለባትም የሚል አቋም የነበራቸው ወንዶች በገምጋሚነት ለመቀመጥ ፈቃደኛ ሳይሆኑ ይቀሩ እንደነበር አስታውሰዋል። በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱን ለቀው ወደ አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ተዛወሩ፤ በዚያም ከአንድ ደረጃ በላይ እንደማያልፉ ተረዱ። መንግሥት ያሠለጠነውን፣ ልምድም ያካበተ ባለሙያ በዚህ መንገድ ሲያጣ ጉዳቱ የግለሰቧ ብቻ አለመሆኑን ቀጥሎ የሆነው ያሳያል።

የራሳቸውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ ብዙዎች ሳቁባቸው። አንደኛው ምክንያት ሶፍትዌር በዚያን ጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑ ነው፤ የኮምፒዩተር አምራቾች ከማሽኑ ጋር በነፃ ይሰጡት ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሻጯ ሴት መሆናቸው ነው። እርሳቸው እንደተናገሩት በወቅቱ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት እንኳ የባለቤታቸው ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ሥራ ለመጠየቅ ለልዩ ልዩ ድርጅቶች የጻፏቸው ደብዳቤዎች በስማቸው ሲላኩ ምላሽ አያገኙም። ባለቤታቸው ዴሪክ ሸርሊ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት “ስቲቭ” በሚል የወንድ ስም መፈረም ሲጀምሩ ግን የቀጠሮ በሮች መከፈት ጀመሩ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ወዳጆቻቸውም በዚሁ ስም ይጠሯቸው ነበር።

ኩባንያው የቀጠራቸው ባለሙያዎች በብዛት በትዳር ወይም በወሊድ ምክንያት ከሥራ ገበታቸው የተለዩ ሴቶች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች መካከል ወንዶቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ ተመዝግቧል። ሁሉም በየቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንባቢ በየቤቱ ኮምፒዩተር አለ ብሎ እንዳያስብ! ፕሮግራሙ በእርሳስ በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በፖስታ ወደ ማዕከል ይላካል፤ በዚያ በካርድ ወይም በወረቀት ጥቅልል ላይ በቀዳዳ ተመትቶ በኮምፒዩተር ይሞከራል። ደንበኛ ስልክ ሲደውል የሕፃናት ጫጫታ እንዳይሰማው ወይዘሮዋ የታይፕ ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ ከበስተኋላ ያሰሙ ነበር። ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም፣ የደንበኛው ጥርጣሬ ምን ያህል እንደነበር ያመለክታል።

ሠራተኛን በዓይን ሳያዩ ማስተዳደር ግን በቴፕ ድምፅ ብቻ የሚፈታ ችግር አልነበረም። ኩባንያው ለደንበኛው ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ ስለሚነግር ሥራው ሲጓተት ኪሳራው የራሱ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ በቅድሚያ በዝርዝር መተመን፣ በትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል፣ የተሠራውም በጽሑፍ ሰፍሮ በሌላ ባለሙያ መፈተሽ ነበረበት። ሠራተኛዋ የምትመዘነው በቢሮ ባሳለፈችው ሰዓት ሳይሆን ባስረከበችው ሥራ ነው። በዚህ ሂደት ኩባንያው ያዳበራቸው የጥራት መቆጣጠሪያ ደንቦች ኋላ በኔቶ ጭምር ሥራ ላይ መዋላቸውን መሥራቿ ገልጸዋል። በዚህ ዘጋቢ እምነት የኩባንያው ትልቁ ፈጠራ ከሸጣቸው ፕሮግራሞች ይልቅ ይኸው የአሠራር ሥርዓት ነው። ከቤት ሆኖ መሥራት በ2020 በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሳቢያ እንደ አዲስ ግኝት ሲወራለት፣ ይህ ሥርዓት ስድሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ከድምፅ በላይ ይበር የነበረው የኮንኮርድ መንገደኞች አውሮፕላን ነው። ብላክ ቦክስ እየተባለ የሚጠራውን የአውሮፕላኑን የበረራ መረጃ መቅጃ የሚመለከተው ፕሮግራም የተዘጋጀው በየመኖሪያ ቤታቸው በሚሠሩ 30 ያህል ሴቶች ነው።

በ1975 እንግሊዝ የፆታ መድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሴቶችን ለመጥቀም የወጣው ይህ ሕግ፣ ሴቶችን ለይቶ የመቅጠር የኩባንያውን ፖሊሲም ሕገ ወጥ አደረገው፤ ወንዶችም በስፋት መቀጠር ጀመሩ።

ወይዘሮ ሸርሊ የኩባንያውን ባለቤትነት ለሠራተኞቹ ለማካፈል ያደረጉት ጥረት ረጅም ዓመታት ወስዷል። አንድ አራተኛ የሚሆነው ድርሻ ሠራተኞቹ ምንም ሳይከፍሉበት ወደ እነርሱ እንዲተላለፍ አድርገዋል። ከላይ የተጠቀሱት 70 ሚሊየነሮች የተገኙትም በዚህ አሠራር ነው። እርሳቸው በ1993 በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ኩባንያው በኋላ ዛንሳ በሚል ስም ሲሠራ ቆይቶ በ2007 ስቴሪያ በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ተገዝቷል።

የሥራ ስኬታቸው በቤታቸው ከነበረው ከባድ ፈተና ጋር ጎን ለጎን የተጓዘ ነው። በ1963 የተወለደው ብቸኛ ልጃቸው ጋይልስ የኦቲዝም ተጠቂ ነበር። ሕፃን ሳለ የጀመራቸው ጥቂት ቃላት ጠፍተው ዳግም አልተመለሱም፤ በኋላም የሚጥል በሽታ ተጨምሮበት በ1998 በ35 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። እናቲቱ ሀብታቸውን ወደዚሁ መስክ በማዞር ለኦቲዝም ተጠቂዎች መኖሪያ ድጋፍ የሚሰጠውን ኪንግዉድን፣ ፕራየርስ ኮርት የተባለውን ትምህርት ቤትና ኦቲስቲካ የተሰኘውን የምርምር በጎ አድራጎት ድርጅት መሥርተዋል። በ2001 የተቋቋመው የኦክስፎርድ ኢንተርኔት ተቋምም በእርሳቸው ልገሳ የተመሠረተ ነው።

የብሪታንያ የኮምፒዩተር ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት በመሆን ያገለገሉት ስቴፋኒ ሸርሊ፣ በ2000 ዴም የተሰኘው የክብር ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። ኦገስት 9 ቀን 2025 በ91 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ አብዛኛውን ሀብታቸውን ለበጎ አድራጎት ሰጥተዋል።