«ጥንቃቄ» ወይስ «መናበብ»? የድርጅታዊ አስተውሎት አማርኛ ስያሜ

የሥራ ላይ ደኅንነት ጥናት ከግለሰብ ጥንቃቄ ወደ ቡድን አስተውሎት ማዘንበል ከጀመረ ቆይቷል። ዌይክና ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ባሳተሙት ጥናት ያተኮሩት ሠራተኞቹ ተግባራቸውን እርስ በርስ በሚያያይዙበት መንገድ ላይ ነው። ይህን «ጥንቃቄ» ማለት አይበቃም፤ ሰው ብቻውንም ይጠነቀቃልና። «መናበብ» ግን ተደራራጊ ግስ ስለ ሆነ ብቻውን የሚናበብ የለም፤ «ተናቦ መሥራት»ም በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው።

ዌይክ በ1990 የመረመረው፣ በ1977 በቴነሪፌ ሁለት አውሮፕላኖች የተጋጩበት አደጋ ልዩነቱን ያሳያል። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀምሮ ሳለ ረዳት አብራሪው በእንግሊዝኛ «መነሻ ላይ ነን» የሚል ፍቺ ሊሰጠው የሚችል ሐረግ ተናገረ፤ ተቆጣጣሪው ቆመው የሚጠብቁ መሰለው። ቃሉ ቢደመጥም አልተናበቡም። 583 ሰዎች አለቁ።

«መናበብ» ስምምነትን አጉልቶ ጥርጣሬን ማደብዘዙ ግን ያሳስባል፤ በዚህ መስክ ስሕተትን አስቀድሞ መጠርጠር የመጀመሪያው መርሕ ነውና።