ለአራት ዋት አምፕሊፋየር የሚስማማው ስፒከር የትኛው ነው?

ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል የማመንጨት ኃይል ነበረው። ዛሬ ከክቡራን አንባቢዎቻችን ጋር የምንነጋገረው ግን ስለ 4 ዋት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከአባቱ የተረፈ የቫልቭ ራድዮና ግራማፎን በቤቱ ላለው ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቫልቭ የምንለው፣ ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ አስቀድሞ ድምፅን ያጎላ የነበረው፣ አየር የወጣለትና ሲሠራ በውስጡ እንደ ፍም የሚቀላው የመስታወት ብልቃጥ ነው። በብዙ የአውሮፓ ራድዮኖች ውስጥ የሚገኘው ኢ.ኤል. 84 ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው ከ5 ዋት ብዙም አይበልጥም። በአዋቂዎች ዘንድ እጅግ የተወደደው 300ቢ እንኳ ብቻውን 8 ዋት ያህል ነው። ያም ሆኖ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸውን ሸክላዎች በእንዲህ ያለ መሣሪያ በደንብ ለሰማ ሰው፣ ድምፃዊው ሳሎኑ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ስፒከሩ ሲለወጥ ነው። ባለቤቱ ሣጥኑ አርጅቷል ብሎ የጥንቱን ስፒከር አውጥቶ ይጥልና ከገበያ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ ስፒከር ገዝቶ ይቀጥልበታል። ድምፁ ይኰሰምናል፤ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ ይሻክራል። በመጨረሻም «አምፕሊፋየሩ ሞቷል» ይባልና የአባት ቅርስ ለቆራሌው ይሰጣል። አምፕሊፋየሩ ግን አልሞተም፤ ከአቅሙ በላይ ተጫነ እንጂ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአንድ ስፒከር ብርታት የሚለካው 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ በሚያሰማው ድምፅ ሲሆን፣ መለኪያውም ዴሲቤል ይባላል። ይህ ቁጥር በ3 ባደገ ቁጥር የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህም 87 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር 32 ዋት የሚጠይቅበትን ድምፅ፣ 90 የሆነው በ16፣ 93 የሆነው በ8፣ 96 የሆነው በ4 ዋት ያሰማዋል። እንግዲህ ገዢው ከመልኩ በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቅ።

የጥንቶቹ ስፒከሮች ብርቱዎች የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ዋት ውድ በነበረበት ዘመን ወረቀታቸው ቀላል፣ ሣጥናቸውም ሰፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በፈረንጆች 1954 ዓ.ም. ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ ከትንሽ ዝግ ሣጥን ወፍራም ድምፅ ማውጣትን አሳየ፤ ነገር ግን ዕዳውን የሚከፍለው አምፕሊፋየሩ ነበር። ኋላ ትራንዚስተር ዋትን ሲያረክሰው ዕዳው ተረሳ።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ምርጫ የራድዮኑን የራሱን ስፒከር ማስጠገን ነው። ከጠፋም፣ ለሠርግ ቤት የሚውለውን፣ በተለምዶ ሞንታርቦ የምንለውን ዓይነት መናቅ አይገባም፤ ውበት ባይኖረውም ብዙ ጊዜ በጥቂት ዋት በቀላሉ ይጮኻል። ከጣራ ላይ የሚሰቀለው ጥሩምባ ግን ለንግግር እንጂ ለክራር አይሆንም።

በስፒከሩ ጀርባ 4፣ 8 ወይም 16 ኦም ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በአምፕሊፋየሩ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ጽሑፉ ከጠፋ በመለኪያ ይታወቃል፤ ባለ 8 ኦሙ 6 ያህል ያሳያልና። የቫልቭ አምፕሊፋየርን ስፒከር ሳይቀጥሉ ከቶ አያብሩት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ክዳኑንም ለባለሙያ ይተዉት፤ ከተዘጋ በኋላ እንኳ በውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል።

አሮጌ ስፒከር የሚገዛ ሰው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ይጫን። ከተፋተገ፣ ሽቦው ማግኔቱን ነክቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል፤ ይለፈው። ጠርዙ ስፖንጅ የሆነው በዕድሜ ስለሚፈረፈር ወረቀት ወይም ጨርቅ የሆነው ይሻላል።

አዳማ፣ መቂ ወይም ባቱ ያለ ቤት ለሙቀቱ በሩን ከፍቶ ስለሚውል ድምፁ ወደ ግቢ ይወጣል፤ በሜዳም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጎድላል። በረንዳ ላይ ከባጃጅ ጩኸት ጋር ለሚታገል ቡና ቤት 4 ዋት አይበቃም። ለሳሎን ግን ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ማዕዘን ቢያስጠጉት ወፍራሙ ድምፅ ያለ ወጪ ይጨምራል፤ ብቻ ከመስኮቱ ሥር አይሁን፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።