የሳይንስ ክፍል ሲከፈት፦ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ መምህራን ሊያሰናዱት የሚገባ

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሰሜን ሸዋም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሳይንስ ምዕራፎችም በአብዛኛው ሳይነኩ ቀሩ። በ2013 የትምህርት ዘመን ክፍሎች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ መምህሩን ሁለት ሥራ ጠበቀው። የቀረውን ትምህርት ማካካስ ነበረበት፤ ክፍሉ የበሽታ መተላለፊያ እንዳይሆንም መጠበቅ ነበረበት። ሁለቱ ሥራዎች ጊዜ የሚሻሙ ይመስላሉ። በሳይንስ ክፍል ግን አንዱ ሌላውን ያግዛል፤ ልጁ እጁን እንዲታጠብና ርቀቱን እንዲጠብቅ የሚታዘዝበት ምክንያት ሁሉ የሳይንስ ትምህርት ነውና። ምክንያቱን የተረዳ ተማሪ መምህር በማያየው ቦታ፣ በገበያም በለቅሶ ቤትም ይጠነቀቃል። ቤት ሲገባ የሚጠብቁት አያቶቹ ናቸው፤ በሽታው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ ዝግጅቱ ከመስኮት ቢጀምር ይመረጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት ወዲያ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ የጠዋት ክፍልም በርና መስኮቱን ዘግቶ መማርን ይመርጣል። ተማሪዎች በተጨናነቁበት ዝግ ክፍል ውስጥ ግን ከትንፋሽ ጋር የሚወጡ ደቃቅ ጠብታዎች በአየሩ ላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ይህን በቃል ከመንገር በሙከራ ማሳየት ይሻላል። መምህሩ መስኮቱ እንደተዘጋ ከፊት ቆሞ አንድ እፍኝ ጤና አዳም በእጁ ይሽ፤ ተማሪዎችም ሽታው ሲደርሳቸው እጃቸውን ያውጡ። ከፊት ወደ ኋላ በየተራ የሚወጡት እጆች ሽታው እንዴት እንደተሰራጨ ያሳያሉ። ቀጥሎ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች፣ ከሌሉም አንድ መስኮትና በሩ ተከፍተው ሽታው ለመጥፋት የፈጀው ጊዜ ይመዝገብ። ስለ ቁስ አካል ቅንጣቶች እንቅስቃሴ የሚናገረው ምዕራፍ በዚህ መንገድ ተጀመረ ማለት ነው።

ጭምብል ያደረገ ልጅ ሽታው ከደረሰው «ታዲያ ጭምብሉ ምን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። ሽታ የሚጓዘው በጋዝ ሞለኪውል ነው። ቫይረሱ የሚወጣው ግን ከዚያ እጅግ በሚበልጡ የምራቅ ጠብታዎች ተሸክሞ ስለሆነ፣ ጨርቁ ከጠብታዎቹ ብዙዎቹን ይይዛል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም። ርቀቱና ክፍት መስኮቱም ያስፈለጉት ለዚህ ነው። ብርዱን በተመለከተ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው የመስኮት ክፍል ዘወትር ክፍት ቢሆን፣ በክፍለ ጊዜዎች መካከልም ሁሉም ቢከፈት ይበጃል። ወላጆች ልጆቻቸውን ደራርበው አልብሰው ይላኩ፤ ጋቢ ለብሶ መማር በደብረ ብርሃን ነውር አይደለም።

የሳሙናው ትምህርት አጭር ነው። በብርጭቆ ውሃ ላይ ጥቂት የኑግ ዘይት ሲፈስ ዘይቱ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የሳሙና ውሃ ተጨምሮ ሲናጥ ግን ይበታተናል። የኮሮና ቫይረስ ውጫዊ ልባስም ቅባት ስላለበት ሳሙና ያፈርሰዋል። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እጅን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት የሚመከረውም ስለዚህ ነው። ቧንቧ በሌለበት ትምህርት ቤት ቀዳዳ የተበጀለት ጀሪካን በቂ ነው።

ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ተማሪ ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ሊፈትሽ ይገባል። ጽሑፋቸው የተላጠ ጠርሙሶች ተለይተው ይቀመጡ፤ በግምት ስም አይለጠፍባቸው። ወረርሽኙ ራሱ ያመጣቸው ሁለት አዳዲስ አደጋዎችም አሉ። የእጅ ሳኒታይዘር አልኮል ስለሆነ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ እጁን በሳኒታይዘር ያሸ ተማሪ እጁ ሳይደርቅ ክብሪት ሊጭር አይገባም። እሳት ባለበት ሙከራ ሳሙናና ውሃ ይመረጣል። ሁለተኛው በረኪና ነው። ለጠረጴዛ ማጽጃ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ግን ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ የአሲድ ጠርሙሶች ባሉበት መደርደሪያ አጠገብ አይቀመጥ። በኖራ ውሃ ውስጥ በአፍ መንፋትን የመሰሉ ሙከራዎች ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ይቅሩ፤ አንድ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ዓይን ማዳረስም እንዲሁ።

የሚቀረውን ሙከራ አካባቢው ይተካዋል። ከአንኮበር ደጋ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ጉዞ ብርዱ ለሙቀት፣ ሰብሉም ለሌላ ሰብል ሲለቅ ያያል፤ በልዩ ልዩ ከፍታ የሚኖሩ ተማሪዎች በየደጃቸው የሚያዩትን መዝግበው ቢያመጡ ማንም የማንንም ዕቃ ሳይነካ ንጽጽሩ ይሠራል። ቴርሞሜትር ያለው መምህር ደግሞ ውሃ አፍልቶ ያሳይ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ሲል፣ በደብረ ብርሃን ውሃው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነውና። የጨርቅ ጭምብልን በሳሙና አጥቦ ለመቀቀል ግን ይህ ሙቀት ከበቂ በላይ ነው።

ልጆች ከቤት የሰሙትንም ይዘው ይመጣሉ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ሊስቅም ሊቆጣም አይገባም፤ የተናቀው ልጁ ብቻ ሳይሆን ምክሩን የሰጠችው እናትም ናትና። ይልቁን «መድኃኒት መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ ይጠይቅ። በኮቪድ-19 ከተያዙት ሰዎች አብዛኛው ምንም ሳይወስድ ይድናል። ፌጦ ወስዶ የዳነ ሰው ፌጦው አዳነው ለማለት፣ ያልወሰዱ በርካታ ሰዎች ከወሰዱት ጋር መነጻጸር አለባቸው። አዲስ መድኃኒትና ክትባት የሚፈተሸውም በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ውይይት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው አይበዛበትም። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. በክትባትና በቤት ለቤት አሰሳ ነው፤ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያን በየቀበሌው ስላሉ ተማሪዎች ጠይቀው እንዲመጡ ቢታዘዙ መልካም ነው። ርቀት ጠብቀው፣ ደጅ ላይ ይሁን።

ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ልጅ በቤቱ ይቆይ። ወላጆች የጤና ባለሙያ ያማክሩ። መምህሩም ያንን ቀን እንደ ተራ መቅረት አይቁጠርበት፤ የዕለቱን ትምህርት በወረቀት ጽፎ በጎረቤት ልጅ ይላክለት።