የሲጋራ ጭስና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ትነት፦ የመርዛማ ኬሚካሎች ተጋላጭነት ንጽጽር

«ሲጋራውን ትቼ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ብይዝ ጉዳቱ ይቀንስልኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ታካሚ «ሁለቱም ያው ናቸው» ወይም «ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ሁለቱም መልሶች ግን ከማስረጃው ጋር አይስማሙም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ ምርቶች ወደ ሰውነት የሚገቡትን መርዛማ ኬሚካሎች አነጻጽሮ ለምክር አገልግሎት የሚረዳ መረጃ ማቅረብ ነው።

የኬሚካሎቹ ምንጭ

ሲጋራ በሚሳብበት ጊዜ የጫፉ ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከትንባሆው መቃጠል የሚወጣው ጭስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሂሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ዝውውር ያውካል።

በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር የለም። በባትሪ ኃይል የሚግል ሽቦ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን የያዘውን ፈሳሽ ወደ ትነት ይለውጣል። ስለዚህ ከቃጠሎ የሚመጡት ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ በሲጋራ ጭስ ልክ አይገኙበትም። ይሁን እንጂ ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ወይም ፈሳሹ ሲያልቅ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን በብዛት ይፈጠራሉ፤ ከብረቱም እንደ ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ማዕድናት ወደ ትነቱ ሊገቡ ይችላሉ።

በሰውነት ውስጥ የተለካው መጠን

እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ አገር በ181 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ታትሟል። ሲጋራ ሙሉ በሙሉ ትተው ለረጅም ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ብቻ በተጠቀሙ ሰዎች ሽንት ውስጥ፣ ሳንባ ካንሰር ከሚያመጣው የትንባሆ ናይትሮዛሚን የሚገኘው አመልካች ከአጫሾች በ97 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሁለቱንም አጣምረው በሚጠቀሙት ላይ ግን ይህን መሰል ቅናሽ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውና በአሜሪካ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል፤ በተጨማሪም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎች የበርካታ መርዞች መጠን ምንም ካልተጠቀሙት ሰዎች ከፍ ያለ መሆኑን አረጋግጧል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንረዳለን። ጥቅም የሚገኘው ሲጋራውን ፈጽሞ በመተው እንጂ ሌላ ምርት በላዩ በመደረብ አይደለም። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ ማጨስ እንኳ 20 ሲጋራ ከሚያስከትለው ተጨማሪ የልብ ደም ሥር በሽታ ሥጋት ግማሽ የሚጠጋውን ይዞ ይቀራል።

የትነቱ ይዘት እንደ ፈሳሹ እንደሚለያይም መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ የካቲት 2020 በአሜሪካ ከ2,800 በላይ ሰዎች በከባድ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገብተው 68ቱ ሞተዋል። ዋነኛው መንስኤ በካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር።

ለጤና ባለሙያው

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሕጉ መኖሩ ግን ታካሚውን ከመጠየቅ አያሳርፈንም። «ያጨሳሉ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በኤሌክትሪክ የሚሠራውንስ ይጠቀማሉ? ፈሳሹ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ ማስፈር ይገባል። በትንፋሽ የሚለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚን አይለይም፤ የኮቲኒን ምርመራ ደግሞ ኒኮቲኑ ከየትኛው ምርት እንደመጣ አይናገርም።

ለሚያጨስ ሰው የሚሰጠው ምክር ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ እንዲተው፣ ለዚህም በምክርና በተፈቀዱ መድኃኒቶች እንዲረዳ ነው። አጫሽ ላልሆነ ወጣትና ለነፍሰ ጡር እናት ግን ንጽጽሩ ከሲጋራ ጋር ሳይሆን ከንጹሕ አየር ጋር ነው፤ ለእነርሱ ከትነቱ የሚገኝ ጥቅም የለም።